የተገዛ ዘፈን በየመሣሪያው ስለ መጫወቱ፤ ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

አንድ ገበያተኛ ከግራና ወደ መርሳ ወጥቶ ከአንድ ሱቅ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ትንሽ ራዲዮ ገዛ እንበል። ራዲዮው በጎኑ የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ አለው። ይኸው ሰው አዲስ አበባ የሚኖረው ልጁ ገንዘብ ከፍሎ በስልኩ ላይ የገዛለት አንድ የዘፈን አልበም አለው። ካርዱን ከስልኩ አውጥቶ በራዲዮው ውስጥ ቢያስገባው ራዲዮው ዝም ይላል። ወደ ሱቁ ተመልሶ «ልጄ፣ ይህ የሸጥህልኝ ዕቃ አይሠራም» ይለዋል። ባለሱቁም የራሱን ካርድ ቢያስገባበት ራዲዮው ወዲያው ይዘፍናል። «አባቴ፣ ዕቃው ደኅና ነው፤ ችግሩ ከዘፈንዎ ላይ ነው» ብሎ ይመልስለታል። ሽማግሌውም «ይህ እንዴት ያለ ነገር ነው? ያንተ ያልተከፈለበት ይዘፍናል፤ የኔ ገንዘብ የወጣበት ዝም ይላል?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ጥያቄ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ከፍሎ የገዛ ሰው ካልከፈለው ሰው ያነሰ ጥቅም ካገኘ ሁለተኛ አይገዛም፤ ዕቃውን የሸጠለትንም ነጋዴ አያምነውም። ስለዚህ የእጅ ስልክ፣ ሚሞሪ ካርድ፣ ፍላሽ፣ ራዲዮና ድምፅ ማጉያ የሚያስመጡም ሆኑ በችርቻሮ የሚሸጡ ነጋዴዎቻችን፣ የተገዛ ዘፈን በአንዱ መሣሪያ ተጫውቶ በሌላው ላይ እምቢ የሚልበትን ምክንያት ጠንቅቀው ሊያውቁት ይገባል። መልሱ የመሐንዲስ ትምህርት አይጠይቅም፤ ትንሽ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ነገሩ አዲስ መስሎ ይታይ እንጂ የዘፈን ንግድ ከጥንትም እንዲህ ያለ ፈተና ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1948 ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሢሶ የሚዞረውን ትልቁን ሸክላ አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ተወዳዳሪው አር ሲ ኤ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውን ትንሹን ሸክላ ይዞ ተነሣ። ከዚያ በፊት የነበረው በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ሸክላም ገና በየቤቱ ነበረ። ገዢው ሕዝብ የትኛውን እንደሚይዝ ግራ ገባው፤ ብዙ ሰውም ነገሩ እስኪለይለት ድረስ እጁን ሰበሰበ። ችግሩ የተፈታው የማጫወቻ ፋብሪካዎች ሦስቱንም ፍጥነት የሚችል መሣሪያ ሠርተው ባወጡ ጊዜ ነው።

አቶ አምኃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. አምኃ ሬኮርድስ የተባለውን ድርጅት በአዲስ አበባ ባቋቋሙ ጊዜ ይህ ጣጣ አልፎ ነበር። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ በነበረበት ዘመን እርሳቸው ደፍረው ገቡበት፤ ሸክላዎቹንም በመጀመሪያ በህንድ፣ ኋላም በሊባኖስ እያሳተሙ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ወደ አገር ያስገቡ ነበር። ነጋዴ አንባቢያችን እዚህ ላይ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ያ ባለ 45 ዙሩ ሸክላ በደሴ ሆቴል ባለው ማጫወቻም ሆነ በአንድ መኳንንት ሳሎን በተቀመጠው ማጫወቻ ላይ እኩል ይዘፍን ነበር። ገዢውን ስምህ ማን ነው፣ ከማን ገዛኸኝ፣ ሒሳብህ የት ነው ብሎ አይጠይቅም ነበር። ገዢው ቢፈልግ ለወንድሙ ያወርሰዋል፤ ቢፈልግ ይሸጠዋል።

ከሸክላው በኋላ የመጣው ካሴትም እንዲሁ ነበር። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ካሴትን አውጥቶ ብዙም ሳይቆይ፣ ሌሎች ፋብሪካዎች የፈጠራ ክፍያ ሳይጠየቁ እንዲሠሩት ፈቀደ። በዚህም ምክንያት ጃፓን የሠራው ካሴት ጀርመን በሠራው ቴፕ ላይ ያለ ችግር ይገባል። በእኛም አገር ካሴት ከከተማ እስከ ገጠር ሊገባ የቻለው በርካሽነቱ ብቻ አይደለም፤ የትም ቢወሰድ የሚዘፍን በመሆኑ ጭምር ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ሐይቅ ላይ የገዛውን ካሴት መኪናው ውስጥ ሲያዳምጥ ቆይቶ ማታ ማደሪያው ሲደርስ በሆቴሉ ቴፕ ላይ ማስቀጠል ይችል ነበር።

አሁን ወደ ዲጂታሉ ዘፈን እንለፍ። ዲጂታል ዘፈን ማለት ድምፁ ወደ ቁጥር ተለውጦ በፋይል የተጻፈ ማለት ነው። ይህን ፋይል መሣሪያው ለማጫወት ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። በመጀመሪያ የተጻፈበትን የአጻጻፍ ዓይነት፣ ይኸውም ፎርማት የሚባለውን፣ ማንበብ መቻል አለበት። ሁለተኛ ፋይሉ የተቆለፈ ከሆነ መክፈቻ ሊኖረው ይገባል። የመጀመሪያው ችግር በቀላሉ የሚፈታ ነው። ሁለተኛው ግን ነጋዴንና ደንበኛን የሚያጣላ ስለ ሆነ ከእርሱ እንጀምራለን።

አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 አይፖድ የተባለውን የኪስ ማጫወቻ ካወጣ በኋላ፣ በሚያዝያ 2003 አንዱን ዘፈን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም የሚሸጥ የኢንተርኔት መደብር ከፈተ። የዘፈን አሳታሚዎቹ ዘፈኑ እንዳይባዛ ስለ ፈሩ ፋይሎቹ ሁሉ ተቆልፈው ይሸጡ ነበር። የቁልፉም አሠራር እንደሚከተለው ነው። በፋይሉ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ትርጉም እንዳይኖራቸው ተደርገው ይዘበራረቃሉ። እነዚህን መልሶ የሚያስተካክለውን ምስጢር ቁጥር ኩባንያው በራሱ ዘንድ ያኖርና በገዢው ስም ለተመዘገበ መሣሪያ ብቻ ይሰጣል። መሣሪያው ይህን ቁጥር መጠየቅ የማይችል ከሆነ፣ ፋይሉ በካርዱ ላይ እያለ እንኳ ለእርሱ እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ ከአፕል የተገዛ ዘፈን በኪስ ማጫወቻዎች መካከል በአይፖድ ላይ ብቻ ይዘፍን ነበር፤ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ማጫወቻ ግን አይቀበለውም።

ማይክሮሶፍትም በበኩሉ የራሱን ቁልፍ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2004 በእርሱ ቁልፍ የተሸጠ ዘፈን በልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ማጫወቻ ላይ ያለ ጥርጥር እንደሚጫወት የሚያረጋግጥ ምልክት በየዕቃው ላይ እንዲለጠፍ አደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ራሱ ማይክሮሶፍት ዙን የተባለ ማጫወቻ አወጣ፤ ይህም የገዛ ምልክቱ የተለጠፈበትን ዘፈን የማያጫውት ሆኖ ተገኘ! እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ኤም ኤስ ኤን በተባለው መደብሩ ለሸጣቸው ዘፈኖች መክፈቻ የሚሰጡትን ማሽኖች እንደሚዘጋ አስታወቀ። ገዢዎቹም በብርቱ ስለ ተቃወሙ መዝጊያውን ወደ 2011 መጨረሻ አስተላለፈው። ከዚያ ወዲያ ያንን ዘፈን በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው አዲስ መሣሪያ ቢገዛ ዘፈኑን ወደ አዲሱ መሣሪያ ሊያሻግረው አይችልም ማለት ነው። ሻጩ ሱቁን ሲዘጋ ከዚህ ቀደም የሸጠው ዕቃ አብሮ የሚዘጋበት ንግድ ከዚህ በፊት መኖሩን እንጃ።

ይህ አሠራር ገዢን ማስቀየሙ ስለ ታወቀ ቀስ በቀስ ተለወጠ። አማዞን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 ያልተቆለፈ የኤም ፒ 3 ዘፈን መሸጥ ጀመረ፤ አፕልም በጥር 2009 ቁልፉን ከዘፈኖቹ ላይ እንደሚያነሣ አስታወቀ። ዛሬ በውጭ አገር ካሉት መደብሮች አንድ ዘፈን በፋይልነት የገዛ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው ያልተቆለፈ ፋይል ነው። ሆኖም በዚያው ዘመን ሌላ አሠራር ተተካ። ይኸውም ዘፈኑ ሳይሸጥ በወር ክፍያ እንዲደመጥ ብቻ የሚፈቀድበት ነው። እዚህ ላይ ቁልፉ ተመልሶ መጥቷል፤ ለተከራየ ዕቃ ግን ቁልፍ መኖሩ አያስገርምም። የሚያጣላው ደንበኛው «ገዛሁ» ብሎ ያሰበውን ሻጩ «አከራየሁ» ብሎ ሲጽፈው ነው።

ከሀብሩ ወጣ ብሎ ወደ ደቡብ በዋናው መንገድ ላይ የምትገኘው ውጫሌ በአንድ ውል የታወቀች ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላል» የሚል ፈቃድ ሆኖ በኢጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ስለ ተጻፈ ያስከተለውን ሁላችንም እናውቃለን። በሞባይል መተግበሪያ ላይ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ሳያነቡ የሚጫኑ ወገኖቻችን ነገሩ የዚያን ያህል የከበደ ባይሆንም ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ቢወስዱ አይጎዱም።

በአገራችን ዘፈንን በዲጂታል መንገድ በሕጋዊ ዋጋ ለመሸጥ ከተደረጉት ሙከራዎች የታወቀው አውታር የተባለው መተግበሪያ ነው። በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ከመሥራቾቹ መካከል የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ይገኝበት ነበር፤ እርሱም በመስከረም 2012 ዓ.ም. አረፈ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ባንክና የውጭ ምንዛሪ ሳያስፈልግ የዘፈኑ ዋጋ ከስልኩ ሒሳብ ላይ እንዲቆረጥ ተደረገ። ከዚያ ወዲህም ሌሎች መተግበሪያዎች መጥተዋል። እንዲህ ባሉ መተግበሪያዎች የተገዛ ወይም በወር ክፍያ የተያዘ ዘፈን ግን የሚቀመጠው በመተግበሪያው ውስጥ ነው። ስልኩ ላይ የወረደ ቢሆን እንኳ የተቆለፈ ስለ ሆነ ካርዱን አውጥቶ ራዲዮ ውስጥ ማስገባት ዋጋ የለውም። የግራናው ሽማግሌ ያጋጠማቸው ይኸው ነው፤ ልጃቸው የላከላቸው በልጁ ስም የተመዘገበ ፈቃድ ነው እንጂ በእጅ የሚያዝ ዕቃ አይደለም።

ይህ ልዩነት በአዲስ አበባ ላለ ሰው የሕግ ነገር ሆኖ ሊታይ ይችላል። በወልድያና በመርሳ ግን በሕይወት የታየ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያ ደርሶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ መብራትና ስልክ ተቋርጠው ቆዩ። ዳግመኛም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ አንድ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ቆየ። ስፖቲፋይ የተባለው የስዊድን ድርጅት ወደ ስልክ የወረደ ዘፈን መዘፈኑን እንዲቀጥል ስልኩ ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር እንዲገናኝ ያዛል። ይህ ደንብ የወጣው ኢንተርኔት ለ30 ቀን ይጠፋል ብሎ በማያስብ አገር ነው። አንድ ዓመት በጠፋበት አገር ያለ ደንበኛ የሚከፍለው ገንዘብ ለአንድ ወር ካዳመጠ በኋላ ለአሥራ አንድ ወር ለዝምታ ይሆናል። ካርድ ላይ ያልተቆለፈ ፋይል የያዘ ሰው ግን፣ አንዲት ትንሽ የፀሐይ ፓነል ካለችው፣ የሚዘፍንለት አላጣም።

ስለዚህ ባለሱቅ አንድ ደንበኛ ስለ ዘፈን ማጫወቻ ሊጠይቀው ሲመጣ መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው «ዘፈንዎ የት ነው ያለው?» የሚለውን ነው። «በመተግበሪያ ውስጥ» የሚል ከሆነ የካርድ ማስገቢያ ያለው መሣሪያ አይበጀውም። የሚበጀው ብሉቱዝ ያለው ወይም የሽቦ ማስገቢያ ያለው ድምፅ ማጉያ ነው። በብሉቱዝ ወይም በሽቦ ጊዜ ፋይሉ ከስልኩ አይወጣም፤ ስልኩ ራሱ ቁልፉን ከፍቶ ድምፁን ብቻ ያስተላልፋል። ስለዚህ ማጉያው ስለ ፎርማትም ስለ ቁልፍም የሚያውቀው ነገር አያስፈልገውም። ይህን አንድ ነገር የሚያውቅ ሻጭ ብዙ ጠብ ያበርዳል። ለድምፅ ማጉያ የሚሆን፣ በሁለቱም ጫፍ 3.5 ሚሊሜትር መሰኪያ ያለው ሽቦ ደግሞ በጣም ርካሽ ዕቃ ሆኖ ሳለ ብዙ ሱቆች አያኖሩትም። ለምን እንደማያኖሩት አይገባንም። አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች የሽቦ ቀዳዳውን ስለ ተዉት ግን ሽቦውን ከመሸጥ በፊት ስልኩን ገልብጦ ማየት ያሻል።

አሁን ወደ ፎርማቱ እንመለስ። ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው ኤም ፒ 3 ነው። ይህን ያዘጋጁት የጀርመኑ ፍራውንሆፈር የምርምር ተቋም መሐንዲሶችና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ የፋይሉ ስም በዚህ ምልክት እንዲጨርስ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 ነው። በሰው ጆሮ የማይለየውን የድምፅ ክፍል እየተወ ፋይሉን ያሳንሳል። ለምሳሌ በሲዲ ላይ ያለ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎ ቢት ይወስዳል፤ የ4 ደቂቃ ዘፈን 42 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ያው ዘፈን በ128 ኪሎ ቢት ኤም ፒ 3 ሲሆን ከ4 ሜጋባይት አይበልጥም። በዚህ ሒሳብ ባለ 8 ጊጋባይት ካርድ 2,000 ያህል ዘፈን ይይዛል፤ ጥራቱን ወደ 256 ኪሎ ቢት ከፍ ብናደርገው 1,000 ያህል ይይዛል። የኤም ፒ 3 የፈጠራ መብት ክፍያም እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ቀረ፣ ርካሽ መሣሪያ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ሁሉ ያለ ሥጋት ይሠሩበታል።

ከዚህ ሌላ ኤ ኤ ሲ የሚባል አለ፤ የፋይሉ ስም ብዙውን ጊዜ በኤም 4 ኤ ይጨርሳል። አፕል የሚሸጠው በዚህ ነው፤ በስልክ ከመልእክት ጋር የሚላኩ ብዙ ዘፈኖችም እንዲሁ ናቸው። ስማርት ስልኮች ሁሉ ያነቡታል፤ ትንንሾቹ ራዲዮዎችና የባጃጅ ማጫወቻዎች ግን ብዙ ጊዜ ዘለው ያልፉታል። ፍላክ የሚባለው ደግሞ ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ የሚያሳንስ ሲሆን፣ ጥራት ለሚወድ ሰው ጥሩ፣ ለትንሽ ራዲዮ ግን የማይታወቅ ቋንቋ ነው። ያልተቆለፈ ዘፈን ይዞ የመጣ ደንበኛ መሣሪያው እምቢ ካለው መፍትሔው ፋይሉን በኮምፒዩተር ላይ ወደ ኤም ፒ 3 መለወጥ ነው። ለዚህ የሚያገለግሉ ነፃ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። ሥራውም ለአንድ አልበም ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም፤ ባለሱቅ በአነስተኛ ዋጋ ሊሠራው የሚችል ሕጋዊ አገልግሎት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን። አንድ ጊዜ ወደ ኤም ፒ 3 ተለውጦ የተቀነሰ ድምፅ ወደ ፍላክ ወይም ወደ ሲዲ ዓይነት ቢመለስ የጠፋው አይመለስም፤ ፋይሉ ብቻ ያብጣል። ይህን የምንለው በተለይ ዘፈን ወደ ውጭ አገር ለመላክ ለሚያስቡ ላኪዎቻችን ነው። አምባሰል የተባለው ቅኝት ስሙን ያገኘው ከጎረቤታችን ከአምባሰል ነው፤ ባቲም እንዲሁ የወሎ ከተማ ስም ነው። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ መሆናቸው ይታወቃል። ኤትዮፒክ በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ኅትመት አማካይነት የአምኃ ሬኮርድስ ሸክላዎች ከሠላሳ ዓመት በኋላ በፓሪስ እንደ ገና መሸጥ የቻሉት የመጀመሪያው ቅጂ ስለ ነበረ ነው። የአገር ልጅ የሆነ አዝማሪ ወይም የመንዙማ ባለሙያ ቀድቶ የሚልክ ሰው የመጀመሪያውን ቅጂ ሳይቀንስ ያስቀምጥ፤ የተቀነሰውን ለገበያ ይላክ።

ስለ ካርድም ጥቂት እንበል፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና። እስከ 2 ጊጋባይት ያለው የመጀመሪያው ዓይነት ካርድ ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ 32 ጊጋባይት ድረስ ያለው ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ከ32 በላይ ያለው ሦስተኛው ዓይነት ነው። እስከ 32 ያለው ፋት 32 በተባለ አደራደር ተሰናድቶ ይመጣል፤ ይህንንም ትንሹም ትልቁም መሣሪያ ያነበዋል። ከ32 በላይ ያለው ግን ኤክስፋት በተባለ አደራደር የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ብዙ ራዲዮዎችና የቁልፍ ስልኮች ካርዱን ጨርሶ አያውቁትም። ስለዚህ አስመጪው ለሲሪንቃና ለውርጌሳ ገበያ 64 ጊጋባይት ካርድ አብዝቶ ከሚያመጣ 16ና 32 ቢያመጣ ይሻለዋል። የሚሸጠው የሚበልጠው ቁጥር ሳይሆን ከራዲዮው ጋር የሚስማማው ነው።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። በገበያ ላይ መጠናቸውን የሚዋሹ ካርዶች አሉ። በላዩ ላይ 32 የተጻፈበት ካርድ በውስጡ 8 ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በካርዱ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ስልኩን «32 ነኝ» እያለ እንዲያታልል ተደርጎ የተሠራ ነው። እስከ 8 ድረስ በደኅና ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የሚጫነው ዘፈን ወይ ይጠፋል ወይ በፊተኛው ላይ ይጻፍበታል። ደንበኛው ስሙ የሚታይ ነገር ግን የማይዘፍን ፋይል ይዞ ይመለሳል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ካርድ ላይ ለረጅም ጊዜ ያጠራቀመውን ዘፈን አጥቷል፤ ሻጩ ራሱ እንደ ተታለለ ስለ ተረዳ ግን አልተጣላውም። ጅምላ ገዢ ከእያንዳንዱ እሽግ ሁለት ሦስት ካርድ አውጥቶ እስከ መጨረሻው ሞልቶ፣ ከዚያ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፋይል ከፍቶ ይመልከት። በሰከንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ ካርድ ከሆነ 32 ጊጋባይቱን ለመሙላት 53 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪጠጣ ማለት ነው።

የዘፈኑ ስም በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ከሆነ በርካሽ ማጫወቻ መስኮት ላይ አራት ማዕዘን ሣጥን ብቻ ሆኖ ይታያል። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም መሣሪያው ውስጥ የፊደሉ ቅርጽ ካልተጫነ አይታይም። ዘፈኑ ግን አይጎዳም። እንዲሁም ብዙ ትንንሽ ማጫወቻዎች ዘፈን የሚያሰልፉት በስም ተራ ሳይሆን ወደ ካርዱ በተገለበጡበት ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ አልበሙን በተራው ለማድመጥ የሚፈልግ ደንበኛ ካለ ፋይሎቹን 01፣ 02፣ 03 እያሉ ሰይሞ በዚያው ተራ አንድ በአንድ መገልበጥ ነው። አስመጪው በበኩሉ ዕቃ ሲያዝ የአማርኛ ፊደል የሚያሳይ መሆኑን በናሙናው ላይ ቢፈትን፣ ፋብሪካውም ለሚቀጥለው ጭነት ሊያስተካክለው ይችላል።

ከጥቂት ብር ጋር ካርድ እየተቀበሉ ዘፈን የሚጭኑ ሱቆችን በተመለከተ ነገሩን ደብቆ ማለፍ አይገባም። በአገራችን የደራሲና የአርቲስት መብት ከ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የአሁኑም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሎ ባለመብቶች በማኅበር ሆነው ክፍያ የሚሰበስቡበት መንገድ ተከፍቷል። የድምፅ ቅጂ አዘጋጅ መብት ለ50 ዓመት ይጠበቃል። አንድ ግለሰብ ለራሱ መጠቀሚያ አንድ ቅጂ ቢያደርግ ሕጉ ይታገሠዋል፤ ለሌላ ሰው በዋጋ እየገለበጡ መስጠት ግን ያለ ፈቃድ የተደረገ እንደ ሆነ በወንጀል ያስጠይቃል። ስለዚህ ደንበኛው ራሱ የገዛውን ፋይል ከስልኩ ወደ ካርዱ ማዛወርና ሱቁ ከራሱ ኮምፒዩተር የማንን እንደ ሆነ የማያውቀውን 2,000 ዘፈን መጫን፣ ሥራው በዓይን ሲታይ አንድ ቢመስልም በሕግ ፊት የተለያየ ነው።

እርግጥ ነው፣ ባለሱቁ «ሕጋዊውን ልሽጥ ብል ከየት አምጥቼ?» ብሎ ቢጠይቅ እውነት አለው። ያልተቆለፈ ፋይል በብር ዋጋ ለመርሳ ባለሱቅ በጅምላ የሚያቀርብ አሳታሚ ቢኖር፣ ባለሱቁ እንደ ካሴቱ ዘመን በእያንዳንዱ አልበም ላይ ጥቂት ትርፍ ቢያገኝ፣ ያልተከፈለበትን የሚጭንበት ምክንያት ግማሹ ይወገድ ነበር። አሳታሚዎች በመተግበሪያ ብቻ መሸጥን ሲመርጡ፣ መተግበሪያው በማይደርስበት አገር ያለውን ገዢ ለማን እንደ ተዉት ቢያስቡበት መልካም ነው። ምክር ቤቶቻችንም ከአሳታሚዎችና ከባለመብቶች ማኅበራት ጋር ይህን ጉዳይ አንሥተው ሊነጋገሩበት የሚገባ ይመስለናል።

እስከዚያው ድረስ ባለሱቁ በጠረጴዛው ላይ ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ነገር አለ። መሣሪያውን ለደንበኛው ሲያሳይ በራሱ ካርድ አይፈትነው፤ የሱቁ ካርድ ሁልጊዜ ይዘፍናል። የደንበኛውን ካርድ፣ የደንበኛውን ስልክ ተቀብሎ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት በዚያው ይፈትነው። ካርዱ እምቢ ካለ በብሉቱዝ ይሞክር፤ ብሉቱዝ ከሌለ በሽቦ ይሞክር።

የግራናው ሽማግሌም እንዲሁ ቢደረግላቸው ኖሮ ከመርሳ ባዶ ጆሮ ይዘው ባልተመለሱ ነበር። በራዲዮው ጀርባ፣ ከፀሐይ ፓነሉ መሰኪያ አጠገብ፣ ማንም ያላየው የሽቦ ቀዳዳ አለ። ባለሱቁ አንዱን ጫፍ በስልካቸው፣ አንዱን ጫፍ በዚያ ቀዳዳ ቢሰካው ልጃቸው የገዛላቸው አልበም ይዘፍናል። ካርዱም በራዲዮው ውስጥ መቀመጥ አያስፈልገውም።